ኮምቦልቻ የተቆለፈበት ሞተር

የጀልባዋ ሞተር ቀጥ ያለው ሙሽራ ጭና ሐይቁ መሐል ላይ እያለች ነው። ግንቦት ነበር። ሚዜዎቹ ከበሮ ይደልቃሉ፣ የሙሽራዋ አጎት ጥላ ዘርግተው ከፊት ተቀምጠዋል፣ ዘይኑልአቢዲን ደግሞ ከኋላ መሪውን ጨብጦ፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ የምድሩም የውሃውም ጌታ እኔ ነኝ በሚል አኳኋን ደረቱን ነፍቷል። ሞተሩ መጀመሪያ ሳል ሳል አለው። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፋና ዝም አለ። ከበሮውም አብሮት ዝም አለ።

ዘይኑልአቢዲን የሐይቅ ልጅ ቢሆንም ጉልምስናውን የጨረሰው አሰብ ወደብ ላይ ሞተር ጀልባ ሲነዳ ነው። አገሩ ከተመለሰ ወዲህ ዓይኑን የሚሞላለት ሰው አላገኘም። በሬ ጠምዶ የሚያርሰውን ይንቃል፣ አህያ የሚጭነውን ይንቃል፤ ከሁሉ አብልጦ ግን በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱትን ይንቃል። «እናንተ እኮ የሣር ነዶ ላይ ተቀምጣችሁ ባሕረኛ ነን ትላላችሁ» እያለ ሞተሩን አስጓርቶ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ ማዕበሉ ታንኳቸውን ሲያንገላታ ማየት ደስ ይለው ነበር።

እንግዲህ ያን ዕለት በአካባቢው የነበረው ብቸኛ ፍጡር በላቸው ሆነ። በላቸው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ በደንገል ታንኳው ቀስ እያለ መጣና መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጭሱን ተመለከተ።

«አያ ዘይኑ፣ ገመድ ልወርውርልህ ወይስ አሰብ ድረስ ልላክልህ?» አለው።

ሙሽራዋ ከነዓይነርግቧ ሳቀች። የሣር ነዶው የብረቱን ጀልባ እየጎተተ ወደብ አገባው፤ ሠርገኛው በሙሉ ለበላቸው እልል አለለት። ዘይኑልአቢዲን መነጽሩን ሳያወልቅ ወርዶ ቤቱ ገባ።

ጀልባዋን በንጉሡ ጊዜ ያመጣት አንድ ባላባት ነው፤ ዳክዬ ሊያድንባት ነበር ይባላል። አብዮቱ ሲፈነዳ ባላባቱም ጀልባዋም ተወረሱ። ባላባቱ የት እንደደረሰ ያወቀ የለም፣ ጀልባዋ ግን ለገበሬ ማኅበሩ ተሰጠች። ከሐይቁ ማዶ ለሚኖሩት ሰዎች ከዚያ የበለጠ የአብዮት ፍሬ አልደረሳቸውም። እሷ ሳትኖር ገበያ ለመውጣትም ሆነ ሐኪም ቤት ለመድረስ ዳገት ቁልቁለቱን ግማሽ ቀን መዞር ነው። በእሷ ግን ቡና ተፈልቶ ሳይወርድ ይሻገራሉ።

ዘይኑልአቢዲን በነጋታው ሞተሩን ፈታታውና በሽታውን አገኘው። ውሃ ስቦ ሞተሩን የሚያበርድ አንድ ትንሽ ጎማ አለ፤ ክንፍ ክንፍ ያለው፣ እንደ አበባ የተሠራ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ክንፎቹ ረግፈው ግንዱ ብቻ ቀርቷል። በመሐረብ ቋጥሮ ኪሱ ሲከተው ሚስቱ ሳፊያ አየችው።

«ይቺን ነው ከተማ ለከተማ ይዘህ የምትዞረው?»

«እንዲህ ትንሽ መስላ ታይታሽ ነው። ልቡ እኮ ናት።»

«እንደ ልብህስ ትንሽ ናት» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ሳፊያ ምላሷ የሚያርፍ ሴት አይደለችም።

ደሴ ላይ ከፒያሳ ጀምሮ የመለዋወጫ ሱቆቹን አንድ በአንድ ገባባቸው። መጀመሪያ የገባበት ባለሱቅ ጎማውን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ አገላበጠው።

«ለምን መኪና ነው?»

«መኪና አይደለም፣ ለጀልባ ነው።»

ባለሱቁ ጎረቤቱን ጠራው፤ ጎረቤቱ ሌላውን ጠራ። «ኑ እዩ፣ ደሴ ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው መጥቷል! ምነው ወንድሜ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ልትቀዝፋት ነው?»

«ሐይቁ ከዚህ በአውቶቡስ አንድ እንቅልፍ አይሞላም» አለ ዘይኑልአቢዲን ጎማውን ነጥቆ። «አንተ ግን ከዚች ባንኮኒ ጀርባ ወጥተህ ስለማታውቅ ዓለም የምታልቀው ሸዋ በር ላይ ይመስልሃል።» ከሱቁ ሲወጣ ሳቁ እስከ መንገዱ ማዶ ተከተለው።

ወደ መንግሥት መለዋወጫ መሸጫ ሄደ። እዚያ ሰልፍ አለ። ከሰልፉ ጫፍ በመስኮት ቀዳዳ ውስጥ ፊቷ ብቻ የሚታይ፣ ሹራብ የምትሠራ ወጣት አለች። ተራው ሲደርስ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ታርጋ ቁጥር?»

«ታርጋ የላትም። ጀልባ ናት።»

«ታርጋ ለሌለው ተሽከርካሪ መለዋወጫ አይሰጥም።»

«እመቤቴ፣ እሷ ተሽከርካሪ አይደለችም። የምትሽከረከርበት ጎማም የላት።»

ልጅቱ ያን ጊዜ ገና ኪሮሿን አቆመች። «ጎማ ከሌላት ታዲያ ጎማ ምን ያደርግላታል?» አለችው። ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ አነጋገሯን አደነቁ። አንዱ እንዲያውም «እውነቷን እኮ ነው፣ ጊዜያችንን አትግደል» ብሎ በክርኑ ገፋው።

ዘይኑልአቢዲን መንገድ ዳር ቆሞ የደሴን ሰው በጅምላ ናቀው። መኪናውን ናቀ፣ ጭቃውን ናቀ፣ ከጦሳ የሚወርደውን ጉም ሳይቀር ናቀ። ከዚያ አማራጭ ሲያጣ ጀላል የሚባል መካኒክ ጋራዥ ገባ። ጀላል ሆዱ ከቱታው የሚቀድም፣ ከአፉ በስተቀር ሁሉ ነገሩ በግሪስ የተሸፈነ ሰው ነው። ጎማዋን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይቺን? ወላሂ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራታለሁ። የሩሲያ ታንክ የጠገንኩ ሰው ነኝ እኔ!»

በእርግጥም ዓይኑን ጨፍኖ የሠራት ትመስል ነበር። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ቆርጦ፣ በቢላ ጠርቦ አንድ ጎባጣ ነገር ሰጠው። ዘይኑልአቢዲን ሐይቅ ተመልሶ ገጠማት፤ ሞተሩም ተነሣ። የማዶ ሰዎች ድምፁን ሰምተው ወደ ዳር ሲሮጡ ታዩት፤ መነጽሩንም አውጥቶ አደረገ። ጀልባዋ ከዳር ብዙም ሳትርቅ ጎባጣዋ ነገር ቀልጣ እንደ ሬንጅ ተለጠፈች፣ ሞተሩም እንደገና ጨሰ። በዚህ ጊዜ በላቸው ገመዱን ብቻ አሳየው። ያ ይብስ አንገበገበው።

ጀላል ግን ሲነገረው ቅንጣት አላፈረም። «የእኔ ጎማ ነውር የለበትም። ውሃችሁ ነው የወፈረው» አለ። ከዚያ ዘይኑልአቢዲን መፍቻ አንሥቶ ሊፈነክተው እንደሆነ ሲገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝማ፣ ልክ እንደሱ ያለ ሞተር ኮምቦልቻ አለ። ከዚያው ከባላባቱ ግቢ የተወረሰ ነው፣ ሁለት ነበሩት። የተወረሰ ንብረት የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ አይቼዋለሁ።»

ዘይኑልአቢዲን የዚያኑ ዕለት በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የሐረጎን ቁልቁለት ወረደ።

ኮምቦልቻ ሙቀቷ ከደሴ ብርድ የወጣን ሰው በጥፊ ይቀበላል። መጋዘኑ ከቦርከና ወንዝ ብዙም የማይርቅ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ጠባቂው ደጉ ይባላል፤ ወገቡ ላይ ካንጠለጠለው የቁልፍ ብዛት የተነሣ ሲራመድ እንደ ፈረስ ይንሿሿል። ዘይኑልአቢዲን ጉዳዩን በትሕትና አስረዳው። ትሕትና ስላልለመደ በየቃሉ መሐል ይደናቀፍ ነበር።

«አለ» አለ ደጉ። «በሩቅ ማየት ይቻላል።»

በሩን ገርበብ አደረገለት። ጥግ ላይ፣ በተወረሱ አልጋዎችና በአንድ ትልቅ ፒያኖ መካከል፣ ሸራው ሥር ሞተሩ ይታያል። መክደኛው ያብረቀርቃል፤ በየሳምንቱ የሚወለወል ይመስላል። የዘይኑልአቢዲን ዓይን እንባ አቀረረ።

«ከሱ ላይ ይቺን ታህል ጎማ ብቻ ፈትቼ ልውሰድ። እዚሁ፣ ዓይንህ እያየ።»

«አይቻልም። የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው።»

«እኛስ ማን ነን? ጠባቡ ሕዝብ?»

ደጉ ቀልድ አልገባውም ወይም እንዳልገባው ሆነ። «ጀልባችሁም የሕዝብ ንብረት ናት፣ ይሄም የሕዝብ ንብረት ነው። የሕዝብን ንብረት ከሕዝብ ንብረት ላይ ፈትቶ የሕዝብ ንብረት ላይ መግጠም ደግሞ ንብረት ማጥፋት ነው» ብሎ በሩን ቆለፈው። ዘይኑልአቢዲን በዕድሜው ብዙ ደደብ አይቷል፣ እንዲህ በሥርዓት የተደረደረ ድድብና ግን አሰብም አላየ።

ክረምቱን በሙሉ ተመላለሰ። ደጉ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ነው፣ ሌላ ቀን ጽዳት ዘመቻ ላይ ነው፣ በሌላው ቀን ደግሞ ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ነው ይባላል፤ ቁልፉ ግን ወገቡ ላይ ይንሿሿል።

ነሐሴ ላይ መርየም የምትባል የማዶ ሴት ምጥ ያዛት። ልጁ ተጋድሞባት ነበር። ሐይቁ በክረምት ነፋስ ተቆጥቶ የደንገል ታንኳ ውሃ ላይ ማውጣት የማይታሰብ ሆነ። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት በጭቃው ዳገቱን ዞሩ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ እሷን ማትረፍ ተቻለ፣ ሕፃኑ ግን መንገድ ላይ አልቆ ነበር።

ቃሬዛው በደጃቸው ሲያልፍ ዘይኑልአቢዲንና ሳፊያ ቆመው ነበር። ሳፊያ አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ ሁልጊዜ ትላለችና። እሷ ግን ነጠላዋን አንሥታ ከተሸካሚዎቹ ኋላ ተከተለች።

በነጋታው ኮምቦልቻ ወርዶ ለደጉ የሆነውን ነገረው። ደጉ ከልቡ ያዘነ መሰለ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ። «በእውነት ያሳዝናል» አለ። «ሞተር ቢኖራችሁ ኖሮ እኮ ትተርፍ ነበር ነፍሲቱ።» ዘይኑልአቢዲን ሰውየውን አፍጥጦ ተመለከተው። ሲነሣ ያዘጋጀውን ስድብ ሁሉ እንደያዘ ወደ ሐይቅ ተመለሰ፤ ለእንዲህ ያለ ፊት አይመጥንም ነበር።

የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ግን ነገሩ ሁሉ ድንገት ቀለለ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፣ ሐይቁንም በጀልባ ይጎበኛሉ ተባለ። ብሩ የሚባል የአውራጃው ካድሬ፣ ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ሰው፣ በላንድሮቨር ከች አለ።

«ይቺ ጀልባ ለምን ቆመች?» ብሎ ጮኸ፤ ልክ ያቆማት ዘይኑልአቢዲን ይመስል። ስለ ኮምቦልቻው ሞተር ሲሰማ ሳቀ። «እንዴ! ለአንድ ጎማ? ሞተሩን በሙሉ ነው የምናመጣው!»

ሕፃን የሞተበት ነገር በአንድ ሰው ሳቅ ተፈታ። ዘይኑልአቢዲን ላንድሮቨሩ ላይ ወጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ደስ ይበለው ይፈር አላወቀም።

ደጉ ብሩን ሲያይ ላቡ ቀደመው። ቁልፉን ለማግኘት ወገቡ ላይ ያለውን ሁሉ ደጋግሞ ሞከረ። በሩ ተከፈተ፣ ሸራው ተነሣ፣ መክደኛው እንደ መስታወት አብረቀረቀ። ዘይኑልአቢዲን እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ መክደኛውን አነሣ።

ውስጡ ባዶ ነበር። ካንዴላ የለ፣ ካርቡሬተር የለ፣ ፒስተን የለ። በቦታቸው ገለባና የተቀዳደደ ጨርቅ ተሞልቶ አይጥ ወልዳበታለች። ለካስ ዓመት እስከ ዓመት አንድ በአንድ እየተፈታ ሲሸጥ ኖሯል፤ ሲወለወል የነበረው ቅርፊቱ ነው።

«እኔ የተረከብኩት ከውጭ ነው» አለ ደጉ። «ውስጡን ማንም አላስረከበኝም።»

ዘይኑልአቢዲን አሁን ሰውየው በካቴና ይታሰራል ብሎ ብሩን ጠበቀ። ብሩ ለረጅም ጊዜ አይጦቹን ተመለከተ። መጋዘኑን በየዓመቱ ጎብኝቶ «ተሟልቶ ተገኝቷል» ያለው እሱ ራሱ ነበርና።

«ክደነው» አለ በመጨረሻ።

«ጓድ፣ ባዶ ነው እኮ!»

«እንግዶቹ ሞተር ሊፈቱ አይደለም የሚመጡት። ይጫን።»

ቅርፊቱ ተጭኖ ሐይቅ መጣ፣ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ የድሮው ሞተር ተነሥቶ በቦታው ተገጠመ። የማዶ ጎረምሶች ቱታ ለብሰው በግራና በቀኝ እንዲቀዝፉ ታዘዙ፤ ዘይኑልአቢዲን ከኋላ ቀዩን ቅርፊት ይዞ እንዲቀመጥ። «ለነዳጅ ቁጠባ በሰው ጉልበት እየሠራን ነው እንላለን» አለ ብሩ፣ ዘዴው ራሱን እያስደሰተው።

የበዓሉ ዕለት ዳሩ በአደይ አበባና በቀይ ጨርቅ ተንቆጥቁጧል። እንግዶቹ ከፊት ተቀመጡ፤ አለቃቸው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ጎረምሶቹ ቀዘፉ። ዘይኑልአቢዲን ባዶ ቆርቆሮ ታቅፎ ተቀመጠ። ከዳር ሰው ሁሉ ያጨበጭብለታል፤ እነሱ እንኳ ባዶነቱን ያውቃሉ፣ ቀለም ሲቀባ ቆመው አይተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን ለማድረግ አልፈለገም።

«ሞተሩ ግሩም ነው» አሉ ሽማግሌው እንግዳ ዞር ብለው። «እስቲ አስነሣውና ድምፁን ልስማ።»

«ለነዳጅ ቁጠባ ነው ጓድ» አለ ብሩ ፈጠን ብሎ።

«ለአንድ ጊዜ አይጎዳም።»

ብሩ ዘይኑልአቢዲንን በዓይኑ ለመነው፤ ወዲያው ደግሞ በዓይኑ አስፈራራው። ዘይኑልአቢዲን በዚያች ቅጽበት ፊት ለፊቱ ካለው ከቀኝ ረድፍ ቀዛፊ ጋር ተያየ። የመርየም ባል ነው። ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ይቀዝፋል።

«አይነሣም ጌታዬ» አለ ዘይኑልአቢዲን። «ውስጡ የለም።» መክደኛውንም ብድግ አደረገው። የአይጧን ጎጆ ሳያነሣ ነበር የተወው፤ ገለባው በነፋሱ ብን ብሎ የእንግዶቹ ኮት ላይ አረፈ።

ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን አቆሙ። ሽማግሌው እንግዳ አንገታቸውን አስግገው በሚገባ ተመለከቱ። ከዚያ መክደኛውን ከዘይኑልአቢዲን እጅ ተቀብለው፣ እሳቸው ራሳቸው ቀስ አድርገው መለሱት። ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ዓሣውስ?» አሉ ወደ ብሩ ዞረው። «እዚህ የሚወጣው ምን ዓይነት ነው?»

«ቆሮሶ ነው ጓድ» አለ ብሩ።

«ቆሮሶ ጥሩ ነው» አሉ። ጎረምሶቹም መቅዘፍ ቀጠሉ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዘይኑልአቢዲን የማኅበሩ እህል ጎተራ ውስጥ ታሰረ። ጥፋቱ በዓል ማበላሸት ነው ተባለ። ሳፊያ ምሳ ይዛለት መጣች። ጠባቂው ፈትሾ አስገባት፤ ሳህኑን ከፊቱ አስቀመጠች።

«አንተ ሰው» አለች፣ «ዕድሜ ልክህን ያገኘኸውን ሁሉ ስትንቅ ኖርክ። ዘንድሮ ገና የሚናቀውን አገኘኸው።»

«እየሰደብሽኝ ነው?»

«ብላ። ይበርዳል።»

መፍታቱን ፈቱት፤ ብዙ ቢያቆዩት ወሬው ይበዛል ብለው ፈርተው ይሆናል። ደጉም እንደተዛወረ ሰማ፤ ደሴ ላይ የሚበልጥ መጋዘን ተሰጥቶታል፣ ቁልፉ በዝቶ ሁለት ቀበቶ ይታጠቃል አሉ። ዘይኑልአቢዲን ይሄን ሲሰማ መሬት ላይ እንትፍ ብሎ ወደ ውሃው ወረደ። ከበላቸው ጋር ሆኖ ቀዩን ቅርፊት ነቅሎ ሜዳ ላይ ጣለው፤ የድሮውን ሞተር መልሶ መግጠም ግን አላሰበም። የብረት ጀልባ በሰው ጉልበት እንደምትሄድ የታያቸው ገና በበዓሉ ዕለት ነውና ረጅም መቅዘፊያ ጠረቡ። መዳፉ መጀመሪያ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ተላጠ፣ ከዚያ ደነደነ። መሻገሪያው ከሞተሩ ዘመን ቢዘገይም ነፋስም ቢነሣ ያሻግራል፤ ተሳፋሪው ራሱ ተራ ገብቶ ይቀዝፋል፣ እየቀዘፈም መንግሥትን በሹክሹክታ ያማል።

ጥር ላይ አንድ የጭነት መኪና ከላይ መጥቶ ዳር ቆመ። ሾፌሩ ለጀልባዋ የተላከ መለዋወጫ ይዤ መጥቻለሁ አለ። ሰው ተሰበሰበ። ከላይ ያወረዱት፣ ለማንሣት ብዙ ጉልበት የጠየቀ፣ የከባድ መኪና ቸርኬ ነበር፤ አዲስ፣ ገና ከነቅባቱ።

በላቸው ቸርኬውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው። «ይሄ የት ነው የሚገጠመው አያ ዘይኑ?»

ዘይኑልአቢዲን ዝም ብሎ ገመድ አመጣ። ገመዱን በቸርኬው ቀዳዳዎች አሾልኮ በደንብ ቋጠረው፣ ሌላውን ጫፍ ከጀልባዋ አፍንጫ ጋር አሰረ። ማዶ ሲደርሱ ቸርኬውን ገፍቶ ውሃው ውስጥ ጣለው። ጠለቀ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ጀልባዋም ነፋሱን ችላ ብላ ቀጥ ብላ ቆመች።

«በሉ ውረዱ» አለ ለተሳፋሪዎቹ። «ሽንኩርት ያላችሁ ሽንኩርታችሁን አትርሱ።»